መብራት ሲጠፋ የምትስቀዋ

ሶማሌ ተራ የሚያውቀኝ ሰው ስለኔ ቢጠየቅ ሦስት ነገር አይጠፋውም። ዋጋ አልቀንስም። ድምፄ ከሱቄ ወጥቶ አራተኛው ሱቅ ድረስ ይሰማል። ዱቤ የሚባል ነገር አላውቅም። ሦስቱም እውነት ነው፣ አልክድም። የመኪና ዕቃ መሸጥ ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ያው የምታውቁት ነው። አንድ ደንበኛ የመኪናውን ጩኸት በስልክ አሰምቶኝ የትኛው ኩሽኔታ እንደሄደበት ነግሬው አውቃለሁ። (ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ፣ ገና ብዙ የሚያሳፍር ነገር ልናገር ነው።)

የማያውቁልኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀላሉን። መኪና አልነዳም። መንጃ ፈቃድም የለኝም። አንዴ ልምምድ ጀምሬ በሦስተኛው ቀን የአንድ ሰውዬ አጥር ላይ ስወጣ በቃኝ አልኩ። የቪትዝን አንጀት በጨለማ የምለየው እኔ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተሰልፌ ነው ሱቅ የምከፍተው። ይህንን ደንበኞቼ ባይሰሙት ይሻላል።

ከባዱ ደግሞ ይኼ ነው። ማታ ማታ የሰርቪሳችን ሶሌታ ጣራ ላይ ወጥቼ ኮከብ አያለሁ። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፣ አምስት ዓመት አለፈኝ። ቴሌስኮፕ አለኝ። ደብተር አለኝ። የጁፒተርን ጨረቃዎች በስማቸው እጠራለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ ሰፈሩ «ኤጭ!» ሲል፣ እኔ ብቻዬን እስቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እሑድ ነበር፣ ኮሮና የገባ ሰሞን። ያን ጠዋት ፀሐይ በጨረቃ ተጋረደች። ላሊበላ ላይ ጨረቃዋ መሃል ለመሃል ገብታ ዳር ዳሩን ብቻ እንደ ቀለበት አስቀርታው ነበር፤ እኛ አዲስ አበቦች የደረሰን ግን የተገመጠ ቂጣ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ውጭ ነበር። አንዱ የብየዳ መስታወት ይዟል፣ አንዱ የራጅ ፊልም (እሱን እንዳታደርጉት፣ ዓይን ያጠፋል)፣ ሌላዋ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልታ ታያለች። እኔ ምንም አልያዝኩም። ወደ ላይ ማየት ስለፈራሁ ፊቴን አዙሬ ግድግዳችን ላይ አፈጠጥኩ።

እዚያ ነው ያለቀልኝ።

ግቢያችን ውስጥ አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። በቅጠሎቹ መሃል የሚሾልከው ብርሃን ሌላ ጊዜ ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ሆኖ ያርፋል፣ ሁላችሁም አይታችሁታል። ያን ቀን ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ግድግዳው በሙሉ ማጭድ ሆነ። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የብርሃን ማጭዶች፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የዞሩ፣ ነፋስ ሲመጣ አብረው የሚንቀጠቀጡ። ሮጬ ገባሁና የመኮሮኒ ማጥለያውን ይዤ ወጣሁ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ አንድ የተገመጠች ፀሐይ ግድግዳው ላይ ተደረደረች። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፤ ጠባብ ቀዳዳ የፀሐይን ምስል ነው ግድግዳው ላይ የሚጥለው። ያ በየቀኑ ከዛፍ ሥር የምንረግጠው ክብ ብርሃንም የቅጠሉ ክፍተት ቅርጽ አይደለም፣ የፀሐይ መልክ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ፀሐይን ስረግጥ ኖሬ ማንም አልነገረኝም። ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ የመጀመሪያው ስሜቴ ንዴት ነበር፣ ዕቃ ተሽጦልኝ ዋጋውን ሌላ ሰው የነገረኝ ያህል።

ከዚያ ኅዳር ላይ መርካቶ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ልጅ አንድ ያረጀ ባይኖኩላር ገዛሁ። 7×50 ይላል ጎኑ ላይ። ሰባት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፣ የፊት መስታወቱ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር። አንደኛው መስታወቱ ትንሽ ሻግቷል፣ በዚያ ምክንያት ግማሽ ዋጋ አስቀነስኩ። (እኔ አልቀንስም እንጂ ማስቀነስ እወዳለሁ።) ጣራ ላይ ወጥቼ ክንዴን ሮቶው ላይ ደገፍ አድርጌ፣ ምክንያቱም በባዶ እጅ ከያዙት ኮከቡ ይዘላል፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደምትበራው ትልቅ ኮከብ አዞርኩት። ጁፒተር ነበረች። አጠገቧ ሦስት ነጥብ፣ በአንድ መስመር። በማግስቱ ስወጣ ነጥቦቹ ቦታ ቀይረዋል፣ አራት ሆነዋል። አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድ፣ ካሊስቶ። ጋሊሊዮ በፈረንጅ 1610 አይቶ ደብተሩ ላይ ያሰፈራቸው እነዚሁ ናቸው። አዮ ጁፒተርን አንዴ ለመዞር ሁለት ቀን እንኳ አይሞላትም። ያን ሰሞን በየምሽቱ በዱቤ የሸጥኩ ይመስል እወጣና እቆጥራቸዋለሁ፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ዕድሌ ነው። ያን ምሽት ጁፒተርና ሳተርን ከመጠጋጋታቸው የተነሳ በዓይን ሲያዩአቸው አንድ ሊመስሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ የተቀራረቡት በፈረንጅ 1623 ነበር ይላሉ ሥራዬ ብለው የያዙት ሰዎች። እኔ አንድ ወር ያልሞላኝ ጀማሪ፣ በተሻገተ መስታወት አየኋቸው። ሱቅ አብሮኝ ላለው ልጅ ስልክ ደውዬ «ውጣና ወደ ምዕራብ እይ» ልለው ፈልጌ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ነው የምነግረው? በማግስቱ ሱቅ ውስጥ የሚሆነውን አውቀዋለሁ።

ለምን እንደደበቅሁት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ማፈር ብቻ አይደለም። አማርኛችን ራሱ አያግዝም። «ኮከብ አያለሁ» ስትሉ ሰው የሚሰማው «ኮከብ እቆጥራለሁ» ነው። ኮከብ ቆጣሪ ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ያየችኝ እማዬ ናት። መሰላሉ ሥር ቆማ «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ምን ፍለጋ ነው?» አለች። «ኮከብ እያየሁ ነው እማዬ።» ዝም አለች። በማግስቱ ባይኖኩላሩ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ጠበል ረጭታበታለች።

ጎረቤቶቻችንማ ባሱ። አንዷ፣ ልጇን ልትድር የምታስብ፣ ቡና ልትጠጣ መጥታ ስትወጣ እጄ ላይ የታጠፈ ወረቀት ሸጎጠችልኝ። የልጅቷ ስም፣ የእናቷ ስም፣ የልጁ ስም፣ የእናቱ ስም። የሆሄያቱን ቁጥር ደምሬ በ12 ገድፌ ኮከባቸው መግጠም አለመግጠሙን እንድነግራት ነው። «እትዬ፣ እኔ የማየው ሌላ ነው» ብላት «ገባኝ፣ ገባኝ፣ ለማንም አልናገርም» አለችና ጠቀሰችኝ። ጥንዶቹ ተጋቡ፣ አሁን ሁለት ልጅ አላቸው። እኔ ከልክዬ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡት።

እማዬን ያሸነፍኩት በቡና ነው። አንድ እሑድ ጀበናው ሲወርድ «እማዬ፣ ሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብ እንዳለ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ቀልድ መሰላት። እውነት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብና የምትዞረውን ፕላኔት ስም አውጡ ብሎ ሰጥቶ ነበር። ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል አለቻቸው። ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ነው፣ በዓይን አይታይም። አንድሮሜዳ ማለት ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፊየስና የንግሥቲቱ የካሲዮፒያ ልጅ ናት፣ እናት አባቷም እዚያው ጎኗ ሰማይ ላይ አሉ። ግሪኮቹ ኢትዮጵያ ሲሉ የትኛውን አገር ማለታቸው እንደሆነ ብዙ ያከራክራል፤ እኔ ግን እናቴን ለማሳመን ስቸኩል ክርክሩን ዘለልኩት። እማዬ ሁሉንም ሰማችና ሲኒውን እያቀበለችኝ «ቶናስ? በረካስ?» አለች። እስካሁን መልስ የለኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠበል ቀርቷል።

ቴሌስኮፑ የመጣው በ2015 ነው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ልመጣ ነው፣ ሽቶ ላምጣልሽ ወይስ ጫማ?» ብላ ደወለች። «ቴሌስኮፕ።» ስልኩ ላይ ዝምታ። «ለማን?» የመስታወቱ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ባለ መስታወት የሚባለው ዓይነት ነው። ችግሩ የሻንጣ ኪሎ ነው፤ ቱቦውን ይዛ መቆሚያውን እዚያው ጥላው መጣች። ቴሌስኮፕ ያለ መቆሚያ ማለት ደግሞ ሞተር ያለ መኪና ማለት ነው፣ ታቅፈውት ነው የሚቀመጡት።

እዚህ ላይ ሙያዬ አገዘኝ፣ መጀመሪያ ግን አዋረደኝ። ሰፈራችን ያለው አናጺ ጋ ሄጄ በኤምዲኤፍ የሚሽከረከር ሣጥን መሰል ነገር አሠራሁ። ሥዕሉን ሳሳየው «የመድፍ ነው?» ብሎኛል። መሽከርከሪያው ላይ የኮሮላ የጎማ ኩሽኔታ ገጠምኩበት፣ አዲስ፣ ከሱቄ። እንደኔ ዓይነት ሰው ሌላ ምን ያስባል? በጣት ሲነኩት ፉት ብሎ ይዞራል፣ ኮራሁ። ማታ ጣራ ላይ ሳወጣው ግን ትንሽ ነፋስ ሲነካው እንደ ነፋስ አመልካች ዶሮ ይዞራል። ጨረቃ ላይ አነጣጥሬ ዓይኔን ሳስጠጋ ትንፋሼ ያዞረዋል። ሁለት ሳምንት ታገልኩት። ለካ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው እንደ ቅቤ የሚንሸራተት ነገር አይደለም፤ ስትገፋው የሚሄድ፣ ስትተወው ባለበት የሚቆም ነው የሚፈለገው። ኩሽኔታውን ፈትቼ ሱቅ መለስኩት። በምትኩ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን የቆረጥኳቸው ሦስት ቁራጭ ፕላስቲኮች ሥሩ ላይ መታሁ። በቃ። ዋጋው ዜሮ፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። በ11 ዓመት ውስጥ ኩሽኔታ የተሸነፈበት ብቸኛው ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሰሞን ላይ አንድ ምሽት፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከታች ባትሪ በራብኝ። የሰፈር ሮንዶች ናቸው። ከአጥሩ በላይ ነጭ ቱቦ ሰማይ ላይ ተደግኖ አይተዋል፣ ምን ብለው ይለፉት? «ማነው እዛ? እጅህን አሳይ!» እጄን አሳየሁ። ሴት መሆኔን ሲያዩ የባሰ ግራ ገባቸው። ካወረዱኝ ይልቅ አንዱን ማውጣት ይቀላል ብዬ «ና ራስህ እይ» አልኩት። ጨረቃ ግማሽ ነበረች። ጨረቃን ለማየት ግማሽ ስትሆን ነው የሚሻለው፤ ሙሉ ከሆነች ጥላ የላትም፣ ጉድጓዶቿ አይለዩም። ሰውዬው ዱላውን ደገፍ ብሎ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ሳይል «ጉድጓድ በጉድጓድ ናት እኮ!» አለ። ከታች ያሉት «ምን አየህ?» ሲሉት «እንደኛ መንገድ ናት» አላቸው። አሁን ሲያልፉ «እህት፣ ዛሬ ወጥታለች?» ይሉኛል።

ስለምናየው ሰማይ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም በዚህ ነገር ዕድለኞች መሆናችንን ማንም አይነግረንም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ነው የምትታየን፣ ከኛ ጣራ ሲታይ ከእንጦጦ ጋራ ትንሽ ብቅ ያለች ናት፤ ትንሽ ጭጋግ ካለ የለችም። በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ዞር ብዬ ወደ ደቡብ ሳይ ደግሞ የደቡብ መስቀል ቆሟል። ሁለቱንም ከአንድ ጣራ! ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ የደቡብ መስቀልን ካለችበት ሆና ልታየው አትችልም፣ ይህንንም በየዓመቱ አስታውሳታለሁ። ጥር ላይ ደግሞ መጽሐፈ ኢዮብ ላይ የተጠራው ኦሪዮን አናታችን ላይ ነው፣ አንገት ይሰብራል። ክረምት ዝግ ነው፣ ሰማይ የሚባል ነገር የለም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቴሌስኮፑ አልጋ ሥር ይተኛል።

የከተማው መብራት ግን እየባሰ ነው። መንገዱ አምሮበታል፣ አልዋሽም፣ ማታ ስመለስ ደስ ይለኛል። ጣራ ስወጣ ግን ከአምስት ዓመት በፊት እቆጥራቸው ከነበሩት ግማሾቹ የሉም። ለዚህ ነው መብራት ሲጠፋ የምስቀው። እማዬ ሊጡን ምጣድ ላይ ገና አዙራ ሳትጨርስ ድርግም ሲል ከጓዳ የምትለቀው እርግማንና ከጣራ የሚሰማው ሳቄ አብረው ነው የሚወጡት። «የኔ እንጀራ ምጣድ ላይ ተንጨባርቆ አንቺ ትስቂያለሽ!» ትለኛለች። ልክ ናት። ግን ምን ላድርግ።

ትክክለኛውን ጨለማ ያየሁት መንዝ፣ አጎቴ ጋ ነው። ታኅሣሥ ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ባና ተከናንቤ ደጅ ተቀመጥኩ። ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጭ የከዋክብት ጎዳና፣ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ መጀመሪያ ደመና መስሎኝ «ምን ዓይነት ዕድል ነው!» ብዬ ነበር። አጎቴ በወጣትነታቸው ገበያ የሚወጡት በአጥቢያ ኮከብ ነበር፣ እሷ ስትወጣ አህያ ይጭናሉ። ሌሊት ቀስቅሼ በቴሌስኮፑ አሳየኋቸው። የአጥቢያ ኮከብ ቬነስ ናት፣ በቴሌስኮፕ ስትታይ እንደ ጨረቃ ትሞላለች ትጎድላለች፣ ያን ቀን ከግማሽ በላይ ሞልታ ነበር። አዩ፣ አዩና «ታዲያ ትንሿ ጨረቃ ናት በይኛ» አሉ። አይደለችም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማታ በምዕራብ የምትወጣው እሷው ናት» ስላቸው ግን ነገሩ ተበላሸ። «እሷስ ሌላ ናት። እኔ ስልሳ ዓመት አይቻታለሁ፣ አንቺ ትናንት መጥተሽ።» ተውኩት። ከስልሳ ዓመት ልምድ ጋር ምን ያከራክረኛል?

ሱቅ ያወቁብኝ ኅዳር 2018 ላይ ነው፣ በራሴ አፍ። ከጎኔ ያሉት ጋሼ፣ ሶማሌ ተራ ከሁላችንም በፊት የገቡ፣ ስልኬ ላይ ያለውን የጨረቃ ፎቶ አይተው «ይኼን ከየት አወረድሽው?» ሲሉኝ አመለጠኝ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት።» ከዚያ ምን ይደበቃል። ቅዳሜ ማታ ስድስት ሰው ቤቴ መጣ፤ ጋሼ፣ ሁለት ነጋዴዎች፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ ዕቃ የሚሸከምልን ልጅና የጋሼ ሹፌር። ሳተርንን ከነቀለበቷ ነው የማሳያችሁ ብዬ ፎክሬያለሁ።

ያላጣራሁት አንድ ነገር ነበር። የሳተርን ቀለበት እንደ እንጀራ ነው፣ በጣም ሰፊ፣ በጣም ስስ። ከዳር እስከ ዳር ከ270 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ውፍረቱ ግን በአብዛኛው በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ሳተርን ፀሐይን አንዴ ለመዞር ወደ 29 ዓመት ተኩል ይፈጅበታል፣ በዚያ መሃል ሁለት ጊዜ፣ በየ15 ዓመቱ ገደማ ማለት ነው፣ እንጀራውን በጠርዙ በኩል ነው የምናየው። ያ ጊዜ 2017 መጋቢት ላይ ነበር፤ ኅዳር 2018 ላይም ቀለበቱ ገና አልተከፈተም። ስለዚህ ስድስት ሰው መሰላል አስወጥቼ ያሳየሁት ቀለበት አልነበረም። መርፌ የተሰካባት አንዲት ድንች ነበረች።

ጋሼ አይተው ቀና አሉ። «ቀለበቱስ?»

«ያቺ መስመር ናት ጋሼ።»

«ይኼማ ታይዋን ነው። ኦሪጅናሉን አምጪ።»

ሳቁ ኮልፌን አናጋው። 11 ዓመት ሙሉ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ስል የኖርኩት ሴትዮ ጣራዬ ላይ ስድስት ሰው ገንዘቤ ይመለስ አለኝ። ደግሞ ተራ የደረሰው ሰው ዓይኑን ሲያስጠጋ ሳተርን የለችም። በ65 እጥፍ ሲያዩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ከመስታወቱ ትወጣለች። «ሸሸች!» አለኝ ሹፌሩ። «እሷ አልሸሸችም፣ እኛ ነን የምንሄደው፣ መሬት እየዞረች ነው» አልኩት። ዕቃ ተሸካሚው ልጅ ይህንን ሲሰማ ቱቦው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሳተርንን ትቶ መሬት ስትዞር ማየት ጀመረ። ሌሎቹ ወርደው ሻይ ሲጠጡ እሱ አልወረደም። ኮከብ በአንድ ጠርዝ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፣ እሱ ይቆጥራል። «እትዬ፣ ይኼን ያህል ነው የምንፈጥነው?» አለኝ በኋላ። ቀኑን ሙሉ ሞተር ተሸክሞ የሚሮጥ ልጅ ነው።

ጋሼ ሊወጡ ሲሉ የጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ምን ይገኝበታል?»

«ምንም።»

«ምንም ምንም?»

«ምንም ምንም ጋሼ።»

ሰኞ ጠዋት መስመሩ በሙሉ ሰምቷል። «ምንም ለማይገኝበት ነገር ሌሊቱን ሙሉ ትቆማለች፣ ለኛ ግን አምስት ብር አትቀንስም» ይላሉ ላገኙት ሁሉ። አሁን ስሜ «ኮከቧ» ሆኗል። ደንበኛ ሲከራከር «ኮከቧ፣ ኮከባችን አልገጠመም ማለት ነው?» ይለኛል። ለምጄዋለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ሌላም ልናዘዝ። ጨረቃን ስከታተል ወደ ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ወደሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ሂሳብ፣ ገባሁ። ቄስ አይደለሁም፣ ዜማ አላውቅም፣ ሂሳቡ ብቻ ነው የሳበኝ፣ ነጋዴ ነኛ። ደረሰኝ ጀርባ ላይ እሠራዋለሁ። ለ2018 ብትሠሩት፣ 5500 ጨምሩ፣ 7518። ለ19 አካፍሉ፣ 13 ይተርፋል። አንድ ቀንሱ፣ ወንበር 12። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት አበቅቴ 12፣ በ19 አባዝታችሁ ስትገድፉት ደግሞ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይመጣሉ። (ወንበር ዜሮ ሲሆን ልዩ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።) ከዚያ ተነስታችሁ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ትደርሳላችሁ። 19 የመጣው ከጨረቃ ነው፤ ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት አንዴ ሂሳባቸውን ይዘጋሉ። ሂሳቡን የቀመሩት አባቶች ቴሌስኮፕ አልነበራቸውም፣ እኔ ቴሌስኮፕ ይዤ ካልኩሌተር እፈልጋለሁ።

እንጦጦ ላይ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። የኔው 13 ሳንቲ ሜትር ነው። ጣራ ላይ ሆኜ ወደዚያ ጋራ ስመለከት ታላቅ ወንድም ያለኝ ይመስለኛል።

ነገ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለጥገና ሰፈራችን መብራት እንደሚቋረጥ ተነግሯል። ጨረቃም የለችም፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ለዕቃ ተሸካሚው ልጅ ነግሬዋለሁ፣ እመጣለሁ ብሏል። አሁን ይህንን ስጽፍ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፣ ጓዳ ውስጥ አክንባሎ ሲነሳና ሲከደን ይሰማኛል። እማዬ የምትጋግረው ቅዳሜ ነበር። ሄጄ «ምነው በዛሬው ቀን?» አልኳት። ከምጣዱ ቀና አላለችም።

«ነገ አንቺ ሥራ አለብሽ» አለችኝ።